ኮምፒውተሬ በሁዳዴ ቅቤ ቀመሰ

ወገኖቼ፣ ከትላንት ጀምሮ ጂንካ መናኸሪያ አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ ጾም የገደፍኩ መስሎታል።

አልገደፍኩም! የገደፈው ኮምፒውተሩ ነው!

ቆይ፣ አትሳቁ። መሳቁ ይደርሳል። ከኋላ ልጀምርላችሁ፣ ካለበለዚያ አይገባችሁም።

ወንድሜን አንተነህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፦ ታላቄ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችውን የቆርቆሮ ሱቅ የከፈታት እሱ ነው። ፎቶ ኮፒ፣ ጽሑፍ፣ የሠርግና የመዝሙር ቪዲዮ ይሠራል። እኔ አንቴ ነው የምለው።

«ነው፣ ነው» እያልኩ እንደምጽፍ አይቻለሁ። ተዉት። እጄ «ነበር» ማለትን ገና አልለመደም።

የመጨረሻዋ ተራ ቀን እንዲህ ነበረች።

ሐሙስ። ፀሐይ። የኛ ሱቅ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚግል የገባ ሰው ያውቀዋል። ቁጭ ብለህ ትበስላለህ።

አንቴ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቶ በቀለም መቀቢያ ብሩሽ አቧራውን እየጠረገ ነበር። ይሄን ሥራ እንደ ጸሎት ነው የሚይዘው። ሶፍት ቀደደና በክር አንጠልጥሎ ፊት ለፊት ካለው ፋን ጋ አስጠጋት። ሶፍቷ ወደ ውስጥ ተሳበች። ወደ ኋለኛው ፋን ወሰዳት። ወደ ውጭ ተገፋች።

«አየህ አቡሽ? በዚህ ይስባል፣ በዚያ ይተፋል። ግድግዳ ላይ ከለጠፍከው ግን የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስበዋል።»

«እንደ ጋሼ ዘውዱ ወሬ» አልኩት።

ጋሼ ዘውዱ አጎታችን ናቸው። ደጋው ላይ፣ ገዘር ከተማ፣ እህል ይነግዳሉ። አንድ ወሬ ተናግረው ሲጨርሱ ያንኑ እንደ አዲስ ይጀምሩታል።

አንቴ ሳቀ። ብሩሹ ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። ከዚያ ፋኑን ከነአሉሚኒየሙ ፈትቶ አነሳና ከሥሩ ያለውን ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩን አእምሮ፣ አየ። ከንፈሩን መጠጠ።

«አናቱ ደርቋል» አለ። «ቅባት ይፈልጋል።»

በእኛ ሱቅ ቋንቋ አናት ማለት የፕሮሰሰሩ የላይኛው ገጽ ነው። ቅባት ማለት ደግሞ በፕሮሰሰሩና ከላዩ በሚቀመጠው አሉሚኒየም መሃል የሚቀባው ግራጫ ነገር። የተማሩት ቴርማል ፔስት ይሉታል። ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ ለአሉሚኒየሙ ያሻግራል፤ ፋኑ ደግሞ አሉሚኒየሙን ያናፍሰዋል። ቅባቱ ደርቆ ከተሰነጠቀ ሙቀቱ መሻገሪያ ያጣል። ያኔ ፋኑ እንደ ሄሊኮፕተር ቢጮህም ከንቱ ነው።

«ቅባት አለን?» አልኩት።

«አልቋል። ከአልዱባ ስመለስ አስመጣለሁ።» ብሎ እንደነበረው መልሶ ገጠመው።

እማዬ ምሳ ይዛልን መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰማች።

«የሱን አናት ትተህ የራስህን እይ» አለችው። «ፀሐይ ለፀሐይ ስትዞር ደርቆ እንጨት ሆኗል። ቤት ና ብቻ፣ በቅቤ ነው የማርስህ።»

«እማዬ፣ ነገ ቀረጻ አለብኝ! ሰው ፊት ነው የምቆመው!»

እማዬ አናት ደርቋል ካለች አለቀ። ይግባኝ የለውም። እኔም እሱም በግድ እየተቀባን ነው ያደግነው።

አልማረችውም። በማግስቱ አናቱ እያብረቀረቀ፣ ካሜራውን በጀርባው አዝሎ፣ ሞተሩ ላይ ወጣ። አልዱባ የሚዘምሩ መዘምራንን ሊቀርጽ። «ዛሬ የሚከተለኝ ዝንብ ብቻ ነው» እያለ ሄደ።

ቀረጻውን ጨርሶ ሲመለስ ሞተሩ ተገለበጠ።

ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ካሜራው ተርፏል።

ሱቋ ተዘግታ ቆየች። ከለቅሶው በኋላ ጋሼ ዘውዱ ከገዘር ወርደው ፈረዱ።

«ይሄ ልጅ ብቻውን ምን ያውቃል? ሱቁ ይከራይ። ማሽኑ ይሸጥ። እሱ እኔ ጋ መጥቶ እህል ይመዝን።»

እህል መመዘን ክፉ ሥራ አይደለም፣ እንዳትቀየሙኝ። ግን አንቴ ያለው ሱቋ ውስጥ ነው። ብሩሹ እዚያ ነው። ግድግዳው ላይ በእርሳስ የሞነጫጨረው እዚያ ነው። ወንበሩ እንኳ በሱ መቀመጫ ልክ ጎድጉዷል። እኔ ስቀመጥበት እሰምጣለሁ።

ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጋሼ ዘውዱ መልስ ሰጠሁ።

«ጋሼ፣ አንቴ አልዱባ የቀረጸውን መዝሙር እኔ ሠርቼ ላስረክብ። ከቻልኩ ሱቋ አትዘጋ። ካልቻልኩ ቁልፉን ራሴ አመጣልዎታለሁ።»

«ቪዲዮ መሥራት ትችላለህ?»

«አንቴ ሲሠራ አይቻለሁ።»

ይሄ መልስ ነው? እናንተ ፍረዱ። ለማንኛውም «እሺ፣ እናያለን» አሉ።

መቁረጥና መገጣጠሙን እንደምንም ተወጣሁት። የቀረው ሬንደር ነበር። ለማያውቅ፦ ሬንደር ማለት ኮምፒውተሩ የተቆራረጠውን ሁሉ አንድ ቪዲዮ አድርጎ የሚያበስልበት ሥራ ነው። ፕሮሰሰሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ይሠራል። ይግላል። ሙቀቱ ስክሪኑ ጥግ ላይ በቁጥር ይታያል። ሰባ። ሰማንያ። ዘጠና። መቶ ሲጠጋ ኮምፒውተሩ ራሱን ለማዳን...

ድርግም!

ግማሽ ላይ ድርግም አለ። ጎኑን ከፈትኩለት። አቧራውን ጠረግኩለት። በካርቶን አራገብኩለት፣ እንደ ከሰል! እንደገና ግማሽ ላይ ድርግም።

ያ ደረቅ አናት ትዝ አለኝ። ቅባት ፍለጋ ጂንካን አዳረስኩ። የለም። አርባ ምንጭ ያለ አንድ የአንቴ ጓደኛ በሚኒባስ እልክልሃለሁ አለኝ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ ከዚያ ወዲህ ብዙም አታወራም። ጥቁሯን ለብሳ ግድግዳ ታያለች። ዝምታው ስለሚከብደኝ ዝም ብዬ ስለ ማሽኑ አወራላታለሁ። ልክ አንቴ እንደሚያወራው።

«አናቱ ደርቋል እማዬ። ቅባት ደግሞ የለም። እንዲህ ከቀጠለ ሱቋ መዘጋቷ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አናቱ?»

«አናቱ።»

ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ምነው ጠርጥሬ በነበር!

እንግዲህ ትላንት ደረሰ። ጋሼ ዘውዱ የሚመጡበት ቀን። የመዘምራኑ መሪ እህት ማርታ ቪዲዮውን የምትወስድበት ቀን። እኔ ረፋዱ ላይ የኮምፒውተሩን ጎን ይቀዝቅዝ ብዬ እንደተከፈተ ትቼ፣ ሱቋን ለጎረቤቴ ለፀጉር አስተካካዩ ለበረከት አደራ ብዬ፣ ቅባቱን ልቀበል መናኸሪያ ሄድኩ።

ሚኒባሱ መጣ። ሾፌሩ እኔን ሲያይ ግንባሩን በጥፊ መታ።

«ውይ! ረሳሁት! ከኋላዬ የሚመጣ አለ፣ ማምሻውን ይደርስልሃል።»

ማምሻውን ምን ያደርግልኛል? ሰዎቹ እየመጡ ነው!

ስመለስ እማዬ ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ! ጭኗ ላይ የምሳ ዕቃ፣ እጇ በነጠላዋ ተጠቅልሏል። በጣም ደስ ስላለኝ እጇን ለምን እንደጠቀለለች አልጠየቅኩም።

«ጀምረው አቡሽ» አለች። «አሁን ይሠራል።»

ምርቃት መሰለኝ። ጀመርኩት።

ቁጥሩ ሰባ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ሸተተኝ። መጀመሪያ ደስ የሚል ነበር። ቀስ እያለ ቤቱን ሞላው። ከቤቱ አልፎ በረንዳውን ሞላው።

ቅቤ። ሲነጠር የሚሸተው ሽታ።

በሁዳዴ! በጠራራ ፀሐይ! ማተብ ባሰረ ልጅ ሱቅ ውስጥ!

በረከት ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ ደንበኛውን ወንበር ላይ ጥሎት መጣ። መቀሱን እንደያዘ በሩ ላይ ተገተረ። በረከት የአሪ ልጅ ነው፣ ጴንጤ። ሁዳዴን ሙሉ በእኔ ሽሮ ላይ ሲያሾፍ ነው የሚከርመው።

«አቡሽ! እኛ እንኳን ለናንተ ብለን ሥጋችንን ተደብቀን ነው የምንበላው!»

«እኔ አይደለሁም!»

«እና ማነው? ፕሪንተሩ?»

በዚህ ሰዓት ነው ጋሼ ዘውዱ ከተፍ ያሉት። የገዘር ብርድ የለመደ ሰው ጂንካም ወርዶ ጋቢውን አያወልቅም። ነጭ ጋቢ፣ መነጽር፣ ዱላ። ከሳቸው ቀድሞ አፍንጫቸው ገባ።

«ምንድነው የሚሸተኝ?»

«ምንም አይደል ጋሼ፣ ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ ነው ቅቤ ቅቤ የሚለው?»

ጠረጴዛው ሥር አዩ። መሳቢያ ከፈቱ። የእማዬን ምሳ ዕቃ ተቀብለው ከፈቱና አሸተቱ። ሽሮ። የጾም ሽሮ። አላመኑም፣ በጣታቸው ጠቅ አድርገው ቀመሱ።

ቅዳሴ ሳይወጣ! እንግዲህ ገዳፊው ማን እንደሆነ እናንተው እዩ። ግን ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል?

እህት ማርታ በዚሁ መሃል ደረሰች። ጨዋ ሴት ናት። አፍንጫዋን ያሳከካት አስመስላ በመሃረብ ሸፈነችና «ወንድሜ፣ ደረሰልን?» አለች።

ደርሶ ነበር ማለት ይቻላል። ሥራው ሰማንያ ከመቶ አልፏል! ግን የሙቀቱ ቁጥር ዘጠና አምስት። ፋኑ ያጓራል። ጋሼ ዘውዱ ጩኸቱን ሰምተው ወደተከፈተው ጎን ጎንበስ አሉ።

ጠጋ አሉ።

ይበልጥ ጠጋ አሉ።

ቸፍ!

ቅልጥ ያለ ቅቤ። ፋኑ እየፈተለ ረጨው። ጋቢው ላይ። ፂማቸው ላይ። የመነጽራቸው ቀኝ መስታወት ላይ።

ከዚያ ድርግም።

ፋኑ ቀስ እያለ ቆመ። ሁላችንም ጥቁሩን ስክሪን አየን። የሱቋ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እጄን ከትቼ ጨበጥኩት። አለቀ፣ አልኩ በልቤ። እህል መዛኝ ሆንኩ። የአንቴም የመጨረሻ ሥራ በእኔ እጅ ተበላሸ።

እማዬ ተነሳች። እጇን ከነጠላዋ አወጣች። ጣቶቿ ያብረቀርቃሉ።

«አናቱ ደርቋል አልከኝ» አለች። «ቅባት የለም አልከኝ። ለፋሲካ ያስቀመጥኳትን ለጋ ቅቤ አምጥቼ ቀባሁት። በነዚያ የብረቱ ሽንቁሮች ሁሉ አዳርሼዋለሁ።» ጥቁሩን ስክሪን አየች። «አነሰው እንዴ?»

አነሰው እንዴ!

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቴን ነው። ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ ልላት ነበር። ግን ያ አናት የአንቴ አናት እንደሆነባት ፊቷ ላይ አየሁት። ቁጣው መንገድ ላይ ቀረ። የወጣው ሳቅ ነው። የታፈነ፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ አሳፋሪ ሳቅ።

እማዬ ደነገጠች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አስለቀስኳት ብዬ ክው አልኩ።

እየሳቀች ነው!

ሐዘንተኛ እናት፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ የመናኸሪያ ሰው ሁሉ እያያት ትስቃለች። አላፊው ቆመ። ሻንጣ የያዘው ቆመ። በረከት በመቀሱ ሆዱን ይዟል። የምንታማውን ሐሜት አስቡት!

ግድ አልሰጠኝም። ለካ ከአንቴ ጋር የሷንም ሳቅ ቀብረነው ኖሯል።

«በሐዘን ቤት!» አሉ ጋሼ ዘውዱ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ጫፉም ቅቤ ነው። ባሰበት። ዱላቸውን አነሱ። እኔ ጎንበስ አልኩ።

ግን አልመቱኝም። ወደ ኮምፒውተሩ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከምር... አናቱ ይደርቃል?»

አስረዳኋቸው። ቅባቱን፣ አሉሚኒየሙን፣ ፋኑን። ፋኑ የራሱ ብርድ የለውም ጋሼ፣ የክፍሉን አየር ነው ስቦ የሚያናፍሰው አልኩ። ይህን ስል አፌ ላይ ቃሉ ቆመ።

የክፍሉን አየር!

ክፍሉ ራሱ እኮ ይፋጃል። በዚህ ቆርቆሮ ሥር፣ በዚህ ሰዓት፣ ፋኑ ትኩስ ብረት ላይ ትኩስ አየር ነው የሚያራግበው። ቅባቱ በሰዓቱ ቢመጣ እንኳ በቀትር ይሄ ሬንደር አይዘለቅም ነበር። አንቴ ትልልቅ ሥራ ሲኖረው ጎህ ሳይቀድ ሱቅ የሚሄደው ለካ ለዚህ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ማንኮራፋትህን ሸሽቼ ነው» ይለኝ ነበር። አምኜው ኖሬያለሁ!

«ጋሼ፣ እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ይታገሱኝ» አልኩ።

አጉረመረሙ። «ነገ ጠዋት ወይ ቪዲዮውን፣ ወይ ቁልፉን» አሉ። እህት ማርታም «ጌታ ይርዳህ» ብላ ሄደች።

ማምሻውን ቅባቱ ደረሰ። አሉሚኒየሙን ፈትቼ ቤት ወስጄ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና አጠብነው። እማዬ ናት ያጠበችው። «የዶሮ ወጤ ቅቤ እኮ ነበር» እያለች ትፈትጋለች፣ ትስቃለች፣ ትፈትጋለች። እኔ ፋኑንና የተረጨውን ሁሉ በጥጥና በአልኮል ጠረግኩ። አሉሚኒየሙ ድርቅ ካለ በኋላ የአተር ፍሬ የምታክል ግራጫ ቅባት ፕሮሰሰሩ ላይ ጠብ አደረግኩ።

«ይችን ብቻ?» አለች እማዬ።

«ይችን ብቻ።»

«ስስታም።»

ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ኮምፒውተሩን ታቅፌ በረንዳው ላይ አወጣሁት። ከግድግዳው አራቅኩት፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ዘረጋሁ። የጂንካን የማለዳ አየር ታውቁት የለ? ሬንደሩን ጀመርኩ። ቁጥሩ ስልሳ ምናምን ላይ ቁጭ አለ። ንቅንቅ የለም!

ሰው እየቆመ ያየኛል። አንዲት አትክልት የተሸከሙ እናት ጠጋ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ አሞት ነው? ፀሐይ ልታሞቀው ነው?»

«አይ እማማ፣ ነፋስ ላስመታው ነው» አልኳቸው።

አማተቡ። እኛ አገር ነፋስ እንዲመታው ተብሎ የወጣ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ኮምፒውተር ሳይሆን አይቀርም።

መቶ ከመቶ!

ጮህኩ። በረከት መጋረጃውን ገልጦ «ምን ተነጠረ ደግሞ?» አለ። እህት ማርታ ቪዲዮውን በፍላሽ ተቀበለች። ጋሼ ዘውዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመው አዩት። መነጽራቸውን ደጋግመው ጠረጉ፣ ዛሬ ቅቤ የለበትም።

«ቁልፉ አንተ ጋ ይቆይ» አሉ። ወደ ሚኒባሳቸው ትንሽ ሄዱና ዞር አሉ። «ለፋሲካ ቅቤ እልካለሁ። ለእናትህ ነው! ለማሽኑ አይደለም!»

ይህን ሁሉ መጻፍ የጀመርኩት ሬንደሩን ስጠብቅ ነው። እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ግን አሁን አንድ ሰው መጣ።

ከዱስ መንደር ነው የመጣው። አቧራውን ገና አላራገፈም። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ።

«አንተነህ አለ?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጂንካ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ዱስ ግን ሩቅ ነው።

«አንተነህ... አርፏል» አልኩት። በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። እጄን ያዘኝ።

ቆይቶ «እና አሁን ማነው የሚሠራው?» አለኝ።

«እኔ። ወንድሙ ነኝ።»

«ጉርድ ፎቶ ፈልጌ ነበር። ለመታወቂያ። እንግዲያው ፂሜን ልላጭና መጣሁ» ብሎ በረከት ጋ ገባ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? እኔ ጉርድ ፎቶ አንስቼ አላውቅም! አንቴ ሲያነሳ የእኔ ሥራ ከሰውየው ኋላ ነጭ ጨርቅ ይዞ መቆም ነበር። እስከ ዛሬ የማውቀው የደንበኞቻችንን ማጅራት ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚያውቅ ካለ ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ። ብርሃኑ በየት በኩል ይሁን? ሁለቱም ጆሮ መታየት አለበት እንዴ? ፈገግ ማለት ይፈቀዳል? እኔ ካሜራውን ከያዝኩ ጨርቁን ማን ይይዝልኛል?

ቶሎ በሉ እንጂ! በረከት አንዱን ጉንጭ ጨርሷል!